እኅቴን ለማምጣት ወደ ዘጌ

«ይቺ ልጅ የምታጥበኝ ለኔ ብላ ነው ወይስ ለነፍሷ?» ብለው አንዲት አሮጊት በጣና ዳር ጠየቁኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ሥራዬ ከመጽሐፍ ጋር ነው፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ለአቅመ ሔዋን ከደረስሁ በኋላ በማታ ትምህርት ስለሆነ፣ ያልገባኝን ነገር እንደገባኝ አድርጌ ማለፍ አልለመድሁም። ስለዚህ ጥያቄውን እንዳለ አስቀምጬ፣ ዘጌን ላያዩ ለሚችሉ ያገሬ ሰዎች ጉዞውን በተራው ልጻፍ።

መጀመሪያ የሄድሁበትን ምክንያት መናገር አለብኝ። ታናሽ እኅቴ ስንዱ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር አንድ ዓመት ለማገልገል ዘጌ ሄደች። ዘጌ ከባሕር ዳር ማዶ ወደ ሐይቁ ገብታ የተቀመጠች፣ በደን የተሸፈነች ምድር ናት። እዚያ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ጠበል አለ፤ በሽተኛ ከየአገሩ ይመጣል። አንዳንዱን ቤተሰቡ አስቀምጦት ይሄድና አይመለስም። የኔታ ብቻ የሚባሉ አንድ የቅኔ መምህር እነዚህን የተተዉ ሰዎች የሚረዱ ወጣቶችን ከየከተማው ሰብስበው በአንድ ቤት ያኖራሉ። ለእያንዳንዱ ወጣት አንድ በሽተኛ ይሰጠዋል። ዓመቱን ሙሉ የዚያ ሰው እጅና እግር እሱ ነው።

ዓመቱ ሲሞላ አገልጋዩን የሚያሰናብተው በሽተኛው ነው። በአገልጋዩ እጅ ላይ ውሃ አፍስሶ «እግዜር ይፍታህ፤ እኔም ፈትቼሃለሁ» ይላል። ይህን ካላለ አገልጋዩ ንቅንቅ አይልም። የቤቱ ሥርዓት ይህ ነው።

የስንዱ ዓመት በመስቀል ሞላ። ጥቅምት አለፈ፤ ኅዳር አለፈ። ዘጌ ደርሶ የመጣ አንድ ዲያቆን «የያዘቻት አሮጊት አልፈታም አለች» ብሎ ነገረን። ከዚያ ወዲህ እናቴ አሮጊቷን ሳትረግም የዋለችበት ቀን የለም። እሷ ራሷ እንዳትሄድ፣ ወንድማችን መስፍንን በቀይ ሽብሩ ጊዜ ከቤት ከወሰዱት ጀምሮ ከደጃፏ አትርቅም። ሞተ የሚል የለም፤ አለ የሚልም የለም። ቢመጣ ባዶ ቤት እንዳያገኝ እሷ ቅዳሴ ስትሄድ እኔ እቀመጣለሁ። «ሂጂና አምጫት» አለችኝ። ለአሮጊቷ ልብ ማራሪያ እንዲሆን ያገራችንን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ አስያዘችኝ።

ቅዳሜ የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ሄድሁ። ሊቀ መንበሩ «የጉዞው ዓላማ?» አለኝ።

«እኅቴን ማምጣት።»

«ማን ወሰዳት?»

«አንዲት አሮጊት።»

ብዕሩን አንሥቶ ጥቂት አየኝና «የቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ጻፈ።

እሑድ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አደርሁ፤ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ከመርካቶ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሒሩት የምትባል የፔዳ ተማሪ ነበረች፤ ባሕር ዳር ያለውን የመምህራን ትምህርት ቤት የሚጠሩት እንዲህ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ ስንወርድ ደጋ የለመደ ጆሮዬ ተደፈነ። ድልድዩ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ወታደሩ ብርድ ልብሴን ጎትቶ አወጣው።

«ወዴት ነው?»

«ባሕር ዳር።»

«ብርድ ልብስ ይዘሽ? ጓድ፣ እውነቱን ተናገሪ፤ ምንድን ነው የጠቀለልሽበት?»

ዘርግቶ አራገፈው። ምንም አልወደቀም። ተሳፋሪው ሁሉ በዚያ በረሃ ሙቀት የሱፍ ብርድ ልብስ ተዘርግቶ ሲያይ ሳቁን ለቀቀው። እኔ ጥርሴን ነክሼ መልሼ አጠፍሁት፤ ጠርዝና ጠርዙ እስኪገጥም ድረስ አጣጥፌ ስለቆየሁ ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋብኝ።

ደብረ ማርቆስ አደርን። ክፍሏን የተጋራሁት ከአንዲት የቅቤ ነጋዴ ጋር ነበር። ቁንጫው እሷን ትቶ እኔን መረጠ። «ለእንግዳ ክብር አለው ያገራችን ቁንጫ» አለችኝና ከጉያዋ ሽታ ያለው ቅጠል አውጥታ አንሶላው ሥር አደረገችልኝ። ቅጠሉ ይሁን ድካሙ እንጃ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ማክሰኞ ጎጃምን ሙሉ ቀን አለፍናት። የኛ አገር ሜዳ በታኅሣሥ በውርጭ ይነጣል፤ ይህኛው ኑግ በኑግ ቢጫ ነበር። መሸንቲ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ከጎማው ጋር ሲታገል፣ ገበያ ዳር ጠላ የምትሸጥ ሴት ከፀሐይ ላይ አስነሥታ ዳሷ ሥር አስቀመጠችኝ፤ ቆሎም ሰጠችኝ። «ሸዌ ነሽ መሰለኝ፤ ቆሎ ስትበዪ ትለቅሚያለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ያረረውን ከደህናው እለይ ነበር።

ባሕር ዳር የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። የለመድሁት ከተማ ጨለማ ሲመጣ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ የሚገባበት ነው። እዚህ ዘንባባ ሥር ሰው በሸሚዝ ይንሸራሸራል፤ ሴቶች ሳይቀሩ ብስክሌት ይነዳሉ። ሆቴል ሁሉ ሞልቶ ነበር፤ የሰዓት እላፊው ሳይደርስብኝ ሒሩት እጄን ይዛ አክስቷ ወይዘሮ አበበች ቤት ወሰደችኝ። ባላቸው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው። ወይዘሮ አበበች እግሬን አስታጥበው ትሪ አቀረቡ። ትሪው ላይ ዓሣ ነበር።

«ጾም እኮ ነው፤ የነቢያት ጾም» አልሁ።

«እና? ዓሣ እኮ ነው።»

«በኛ አገር ዓሣም ይገድፋል።»

«በእናንተ አገርማ ዓሣ የት አለና!» ብለው ሳቁ። እኔም እንደ ቂል በያዝሁት ጸናሁ። ምንም ሳይከፋቸው ተነሥተው ሽሮ ሠሩልኝ፤ እሳቸውና ሒሩት ዓሣውን ሲበሉ፣ እኔ ጥቁሯን የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ በላሁ። ከገብስ እንጀራችን ይልቅ ለስላሳ ነው። ሌሊቱን በሙቀቱ ስገላበጥ ሰምተው ኖሮ፣ ጧት መንገድ የምይዘውን ሎሚና ዳቦ ሲያስሩልኝ «ብርድ ልብሱን እዚህ ብትተዪው ይሻልሻል፤ ሰው ይስቅብሻል» አሉኝ። አልተውሁትም።

ረቡዕ ለዘጌ ጀልባ ተሳፈርሁ። ሐይቅ በሥዕል እንጂ በዐይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ስለ ስፋቱ ሌሎች ጽፈዋል፤ እኔ ያየሁት በአብዛኛው ሞተሩን ነው፤ መንገድ እኩሌታ ላይ ቆመብን። ባለ ሞተሩ ላቡ እስኪንጠባጠብ ገመድ ሲስብ፣ ደንገል ከሚባል የውሃ ቄጠማ የተሠራች ታንኳ የሚቀዝፉ ሁለት ሰዎች በአጠገባችን ዝግ ብለው አለፉ።

«የኛይቱ ነዳጅ አትጠጣም!» አለ አንዱ።

«ጠጥታ ነው እንጂ የሰከረችው የናንተይቱ!» አለ ሁለተኛው።

ባለ ሞተሩ ሰደባቸው፤ ሞተሩም ስድቡን የፈራ ይመስል ተነሣ።

ወደቡ ላይ ጌታቸው የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ተቀበለኝ፤ ከስንዱ ጋር ከሚያገለግሉት አንዱ ነው። ሻንጣዬን ነጥቆ ተሸከመ። «ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፤ አህያም አይገባም፤ ቦታውን ያቀኑት ጻድቅ ቃል ኪዳን ነው። ስለዚህ አህዮቹ እኛ ነን» አለ። ብርድ ልብሱን ሲያይ ቆመ። «ይሄ ለማን ነው?»

«ስንዱን ለያዘቻት ሴትዮ።»

«ለእማማ ድንቄ? እግዜር ይርዳሽ። የኔ በሽተኛ ገና በአራት ወር ሊፈታኝ ለምኖ ነበር፤ መዝሙርህ ሰለቸኝ ብሎ። የሷ ደግሞ ዓመቱ አልፎም አትለቅም። ሰው እንዲህ ይጨክናል?»

በቡናው ጫካ ውስጥ ወጣን። ቤቱ የጭቃ ነው፤ መሐሉ በግርግዳ ተከፍሎ ባንድ ወገን ሴቶቹ፣ ባንድ ወገን ወንዶቹ ያድራሉ። ስንዱ በሩ ላይ ነበረች። ከስታለች፤ ክንዷ ግን እንደ ገበሬ ጠንክሯል። አንገቴን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። እራት የተበላው ከአንድ ገበታ ነው፤ ከመብላታቸው በፊት እያንዳንዱ የበሽተኛውን ውሎ ይናገራል፦ ማን በላ፣ ማን አልቅሶ ዋለ፣ ማን የማንን እናት ሰደበ። እኛ ቤት መስፍን ከተወሰደ ወዲህ በገበታ ላይ ወሬ የለም። ሳቃቸው መጀመሪያ አስደነገጠኝ።

«ልወስድሽ ነው የመጣሁት» አልኋት ለስንዱ ስንነሣ።

«ባትለምኛቸው ይሻላል እትዬ። አይሆኑልሽም» አለች፤ ዐይኗን ግን ከዐይኔ አሸሸች።

ሐሙስ ጧት የኔታ ዘንድ ቀረብሁ። ከዋርካ ሥር ለተማሪዎቻቸው ቅኔ እየነገሩ ነበር፤ ሲጨርሱ ነገሬን አስረዳሁ። ሥርዓቱን ማንሣት ይችሉ እንደሆነ ጠየቅሁ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እነዚህ ልጆች ሲመጡ ሁሉም መልካም ሊያደርጉ ነው የሚመጡት። መልካም አድራጊ ቶሎ ጌታ ይሆናል። በሽተኛውን ‹ዝም በል፣ ላንተው ነው› ይለዋል። እኔም ማሰናበቱን ለታመመው ሰጠሁት፤ የሚፈሩት ሰው እንዲሆን። የሰጠሁትን አልነጥቅም። ሂጂና ራሳቸውን ለምኛቸው።»

እማማ ድንቄ የሚተኙባት ጎጆ ከጠበሉ ዝቅ ብላ ናት። ወገባቸው ከወደቀ ቆይቷል፤ ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም። ፊታቸው ግን ንቁ ነው። ስንዱ አስተዋወቀችኝ፤ ብርድ ልብሱን አቀረብሁ። በእጃቸው ዳሰሱት።

«በግ ነው እንጂ ልብስ ነው ይሄ? ልታፈሉኝ ነው?» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «አንቺም እንደሷ ቀጭን ነሽ። አገራችሁ እህል አይበቅልም?»

በመሸንቲ በኩል መምጣቴን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። መሸንቲ ጠላ ቤት ነበራቸው። ገበያው ሰፍቷል ወይ፣ ከመንገዱ ዳር ያለው ትልቁ ሾላ አልተቆረጠም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሾላውን ልብ አላልሁትም ነበርና «አላየሁም» አልሁ። «ውሸት አትችልም ይቺ» አሉ ለስንዱ። ስንዱ ባለችበት ልለምናቸው አፍሬ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ወጣቶቹ ለገበሬ ማኅበሩ ሰዎች መሠረተ ትምህርት ያስተምራሉ፤ ማኅበሩም ስለዚህ ነው ዝም የሚላቸው። አንዲት እናት «ሀ» ለመጻፍ ሲታገሉ አይቼ የራሴን ማታ ትምህርት ቤት አስታወስሁ፤ ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ያዝሁ።

ዓርብ የስንዱ የእንጨት ተራ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ጫካ ትውላለች። እማማ ድንቄን እኔ ልጠባቸው አልሁ። ውሃ አሙቄ ገባሁ።

«እግሬን ተዪው፤ አይሰማኝም። ጀርባዬን እሺ። ጠንከር! መጽሐፍ አይደለሁም፤ አልቀደድም።»

ጠንከር አደረግሁ። ጀርባቸው ላይ አንዲት ቁስል የለም። ከዓመት በላይ ተኝቶ የኖረ ሰው እንዲህ እንዳይቆስል በየስንት ጊዜው መገላበጥ እንዳለበት ሳስብ፣ እኅቴን የማላውቃት መሰለኝ። ያን ጊዜ ነው የጠየቁኝ።

«እስቲ አንቺ የተማርሽ ነሽ አሉ። ይቺ ልጅ የምታጥበኝ ለኔ ብላ ነው ወይስ ለነፍሷ? ለነፍሷ ኸሆነ አንድ ዓመት ይበቃታል። ለኔ ብላ ኸሆነ፣ እኔ አልዳንሁ፤ ዓመት ሞላ ብላ እንዴት ትሄዳለች?»

ጨርቁን ጨመቅሁት። ደግሜ ነክሬ ደግሜ ጨመቅሁት።

«እማማ» አልሁ በመጨረሻ፣ «መልሱን አላውቅም። ግን እናታችን አንድ ልጇን ወስደውባታል። ሌላዋን እርስዎ ይዘውባታል። በየቀኑ ትጠብቃታለች። ይፍቱልን።»

ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸውና ጀርባቸውን ደገፍሁ።

«እኔ? እኔማ ፈትቻታለሁ! የመስቀል ማግስት ውሃውን አስመጥቼ፣ በዚህ በሚንቀጠቀጥ እጄ አፍስሼ፣ ‹በይ ሂጂ፣ እናት አለሽ› አልኋት። እዚህ ወድቃ አለቀሰች። ‹እንዳልፈቱኝ ይሁን እማማ› አለችኝ። ‹ሰው ምን ይለኛል?› ብላት ማልቀሷን አልተወችም። በይ እንግዲያው ክፉ ልሁንልሽ አልኋት። ጠላ ቤት የነበረኝ ሴት ነኝ፤ ክፉ መባል ምን አዲስ ነገር ነው?»

«ለምን መሄድ አልፈለገችም?»

«እሷን ጠይቂያት። እኔ ጠይቄ አላውቅም፤ ብጠይቃት ትታኝ የምትሄድ መስሎኝ።» ፊታቸውን ወደ ግርግዳው መለሱ። «እነዚያ ልጆች ግን ሲያልፉ ያኮርፉኛል። ያ ቀልደኛው እንኳ ደህና አደርሽ አይለኝም። እሱ ይከብደኛል።»

ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነ እንጨትም ውሃም የለም። ከስንዱ ጋር ሐይቁ ዳር ወረድን፤ ደንገሏ ደርቃ እንድትንሳፈፍ አንዲት ታንኳ ድንጋይ ላይ ቆማለች። ከጥላዋ ሥር ተቀመጥን። የሰማሁትን ነገርኋት። እንደ ፈራሁት አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ትንፋሽ አወጣች።

«አንቺ መጽሐፍሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ እትዬ፤ አታይም። እማዬ በሩ ሲከፈት ቀና ትላለች። ፊቷ ብርት ይላል። ከዚያ እኔ መሆኔን ታያለች።»

ወደሷ ዞርሁ።

«ከዚያ ፊቷ ይወድቃል። ክፉ ነገር ተናግራኝ አታውቅም። ራቴን ታቀርብልኛለች፤ ብርድ እንዳይመታኝ ትሸፍነኛለች። ግን ያን ፊት በየማታው ሳይ አራት ዓመት ኖርሁ። እማማ ድንቄ በሩ ሲንቋቋ ገና ሳያዩ ‹ስንዱ፣ የት ጠፋሽ አንቺ ሰነፍ!› ይሉኛል። እሳቸው ሌላ የሚጠብቁት ሰው የለም።»

እኔ ስገባም እናቴ ቀና ትላለች ማለት ነው። የኔንም ፊት አይታ ፊቷ ይወድቃል ማለት ነው። ስንት ዓመት በዚያ በር ስገባ ዐይኔን ከመሬት አንሥቼ አይቻት እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

«አትምጪ ካልሽ አላስገድድሽም» አልኋት። «እስከ መቼ ነው ግን?»

«አላውቅም። ሲሞቱ እንዳልል እንዲሞቱ የፈለግሁ ይመስላል። ለእማዬ አትንገሪያት። አሮጊቷ ይዛኛለች በያት። ሰው ይዞብኝ ቀረች ብትል ይሻላታል።»

ተነሥቼ እጇን ይዤ አስነሣኋት፤ ቃል ግን አልሰጠኋትም።

እሑድ አስቀደስን። ከቅዳሴ በኋላ ጌታቸውን ለብቻው ጠራሁትና ምክንያቱን ሳልነግረው «እማማ ድንቄን ደህና አደሩ በላቸው» አልሁት። ግር አለው፤ ግን ሄዶ ሲላቸው ከውጭ ሆኜ ሰማሁ። «ምን ፈለግህ? መዝሙርህን እዚህ እንዳታመጣው!» አሉት፤ ድምፃቸው ግን ደስ ብሎታል። እኔም ለስንብት ገባሁ። ብርድ ልብሱ አራት ታጥፎ ከወገባቸው ሥር ተነጥፏል።

«ለናትሽ ንገሪልኝ» አሉ። «ትርገመኝ፤ ግድ የለኝም። ‹አሮጊቷ› እያለች ግን አትርገመኝ። ስም አለኝ፤ ድንቄ እባላለሁ።»

የመልሱን መንገድ አላስረዝምም። በማግስቱ ጀልባው ሳይቆም ባሕር ዳር ደረሰ። ወይዘሮ አበበች ብቻዬን ሲያዩኝ ምንም ሳይጠይቁኝ ሽሮውን ቀድመው ጣዱ። መሸንቲ ላይ አውቶቡሱ ሰው ሲያወርድ በመስኮት አየሁ፤ ሾላው አለ።

ደብረ ብርሃን የገባሁት ውርጩ ሳር ላይ ሲጥል ነው። በሩን ስገፋ ዐይኔን አነሣሁ። ስንዱ እንዳለችው ነበር፤ መጀመሪያ የእናቴ ፊት ብርት አለ፣ ከዚያ ወደቀ። «የታለች?» አለች እናቴ። «ደህና ናት» አልሁ። «አልፈታም አለች?» ስትለኝ ሻንጣዬን ወደ ውስጥ ይዤ ገባሁ። ስማቸውን ብቻ ነገርኋት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በስማቸው ረገመቻቸው።

ገና አለፈ፤ ዐቢይ ጾም ገብቶ ወጣ። ማታ ማታ ስገባ ያንን ፊት አያለሁ፤ ሳያዩት መኖር ይቻል ነበር፤ ካዩት በኋላ ግን አይቻልም። ዳግማ ትንሣኤ ባለፈ በሳምንቱ እናቴ የነፍስ አባታችንን አስጠርታ፣ እማማ ድንቄን በግዝት አስረው ስንዱን እንዲያስለቅቁላት ዘጌ ድረስ እንዲልኩባቸው ለመነች። ቄሱም አስብበታለሁ ብለው ሄዱ። በሩ ሲዘጋ ከፊቷ ተቀመጥሁ።

«ድንቄ ፈትታታለች» አልሁ። «ገና በመስቀል ፈትታታለች። የቀረችው ስንዱ ራሷ ናት።»

«ምን አድርጌያት?»

ስንዱ ስለ በሩና ስለ ፊቷ ያለችኝን፣ አንድም ሳልጨምር ነገርኋት። ስጨርስ እናቴ እጇን አንሥታ ጉንጯን፣ ግንባሯን ዳሰሰች፤ የሌላ ሰው ፊት እንደሆነ ሁሉ።

«ላንቺም እንዲሁ ነኝ?»

«ለኔም።»

እሳቱ ላይ የተጣደው ገንፍሎ ፈሰሰ፤ ሁለታችንም አልተነሣንም። የመንገዱን ነገር ጠየቀችኝ፤ የት እንደሚታደር፣ ጀልባው ያዞር እንደሆነ፣ ክረምት ሳይገባ ይደረስ እንደሆነ። በተራው መለስሁላት። ከዚያ ወደ ደጁ ዞር ብላ አየች።

«ለመሆኑ» አለች፣ «የዚህ በር ቁልፍ የት ነው ያለው?»

መስፍን ከተወሰደ ወዲህ ተቆልፎ ስለማያውቅ ሁለታችንም አናውቅም ነበር። ተነሥተን መፈለግ ጀመርን።